ገብስ መሳይ ስናር፣ ፍሬ መሳይ መርዝ

መጀመሪያ እግሩን ይወርረዋል። ጉንዳን በቆዳው ሥር የሚርመሰመስ ይመስለዋል። ቀጥሎ ያቃጥለዋል። ማቃጠሉ ሲያልፍ ደግሞ እግሩ ይቀዘቅዛል፤ ብርድ ልብስ ቢደራረብበትም አይሞቅም። ከዚያ ጣቱ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ይኮማተራል። መግል የለውም፣ ደምም አይወጣውም፤ ከሰል ይመስላል። በሞተው ሥጋና በደህናው መካከል ልክ በገመድ እንደታሰረ መስመር ይወጣል። የደረቀው ክፍል አንዳንዴ ሐኪም ሳይነካው ራሱ ይወድቃል።

በ1977 እና በ1978 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር 1970 ዓ.ም. ግድም፣ በወሎ ክፍለ ሀገር እንዲህ የሆኑ ሰዎች ይታዩ ጀመር። 140 ያህል ሰው ታመመ። ከታመሙት 34 በመቶው ሞተ። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው።

ጊዜውን አስታውሱት። ወሎ ከ1966ቱ ረሃብ ገና ቀና አላለም። ከሐምሌ 1969 ጀምሮ ኦጋዴን ውስጥ ጦርነት ነው። ከተማው ቀይ ሽብር ይዞታል። በዚህ መሃል የአንድ ደጋ ገበሬ ጣት መጥቆሩ የማን ወሬ ይሆናል? ቢሆንም ሐኪሞች ጉዳዩን ተከታተሉት። 93 ሕሙማንን መርምረው ያገኙትን በ1979 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ይህን ጉዳይ ዛሬ ማውራት የምንችለው በዚያ ሥራ ነው።

ከተመረመሩት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 34 ዓመት ነበር። ወንዶቹ ከሴቶቹ በሁለት ተኩል እጥፍ ይበዙ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ ገደማ አንድ ወይም ከአንድ በላይ እጅና እግራቸው ላይ ደረቅ ጋንግሪን፣ ማለትም ደም አጥቶ የሞተና የደረቀ ሥጋ፣ ነበረባቸው። ከአምስቱ አንዱ ገደማ እጁን ወይ እግሩን አጥቷል። የአንዳንዶቹ የደም ትርታ ሲዳሰስ ወይ ደካማ ነው፣ ወይ ጨርሶ የለም። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና ተቅማጥም ነበር።

ለሐኪም ይህ ግራ የሚያጋባ ነው። የሽማግሌ እግር ቢጠቁር ስኳር በሽታ ወይም የደም ሥር መደፈን ይባላል። የአሥር ዓመት ልጅ እግር ሲጠቁር ግን ምን ይባላል? ልጅና ጎልማሳ በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ዓይነት መንገድ የደም ሥራቸው ከጠበበ፣ የጋራ የሆነ ነገር መኖር አለበት። የጋራቸው ደግሞ እህሉ ነበር።

እህሉ ገብስ ነው። ማለትም ገብስ ተብሎ የተዘራ፣ ገብስ ተብሎ የታጨደ ነው። ዝናቡ ባልተስተካከለበት በዚያ ጊዜ ግን ማሳውን ስናር ወርሶት ነበር። ስናሩ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ጥቁር፣ ትንሽ ሐምራዊ የሚል፣ የስናር ፍሬ የሚያክል ነገር። ኤርጎት ይባላል። ክላቪሴፕስ ፑርፑሪያ የተባለ ፈንገስ የሚሠራው የራሱ ፍሬ ነው በሉት፤ ጠንካራ የፈንገስ ድር ጥቅልል ነው።

እዚህ ላይ ሰውን ትቼ ወደ ማሳው ልውረድ። የጉዳዩ ጉድ ያለው እዚያ ነውና።

ስናር የአጃ ዘመድ ነው። የሳይንስ ስሙ አቬና አቢሲኒካ ነው፤ ስሙ ራሱ የእኛ መሆኑን ይናገራል። ከገብስ ጋር አብሮ ይበቅላል፣ አብሮ ይደርሳል። ሙሉ ለሙሉ እንደ ዱር ሣር ፍሬውን አያራግፍም፤ ብዙው ጭዱ ላይ ቆይቶ ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፣ አብሮ ይወቃል፣ ለዘር ሲቀመጥም አብሮ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ክረምት ገበሬው በገዛ እጁ መልሶ ይዘራዋል። ቡቃያ ሳለ ደግሞ ከገብሱ ለመለየት ዓይን ይጠይቃል። አንዱ መለያ ቅጠሉ ግንዱን የሚያቅፍበት ቦታ ነው። ገብስ እዚያ ጋ ግንዱን የሚያቅፉ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች አሉት። ስናር ጆሮ የለውም። ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱን ቡቃያ ጆሮ አለህ ወይ እያለ የሚያርም ሰው ካለ ስናር አይኖርም ነበር። ማን ጊዜ አለው?

አረም ገበሬው የሚፈልገውን ሰብል እየመሰለ ከእርሻ ጋር አብሮ መኖሩን ብዙ የጻፈበት ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። ይህ ዓይነቱ ማስመሰል ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር ሰብስቧል። በነገራችን ላይ የእኛ ገበሬ ስናርን እንደ ጠላት ብቻ አያየውም። ከገብሱ ጋር ይፈጫል፣ እንጀራ ይሆናል፣ ጠላ ይሆናል። ችግሩም እዚህ ነበር። ስናሩ በዛ ብሎ እህሉን የሚጥል የለም።

ስናር ገበሬውን አታለለ ካልን፣ ፈንገሱ ደግሞ ስናሩን ያታለለበት መንገድ ይበልጣል።

ኤርጎት ቅጠል አያጠቃም። ሥርም ግንድም አይነካም። የሚፈልገው አበባዋን ብቻ ነው፤ እሷንም ቢሆን ገና ሳታረግዝ። የሣር አበባ ጎልታ አትታይም፤ ግን ቅርብ ሆነው ካዩዋት ላባ የሚመስሉ ሁለት ነጫጭ ጫፎች አሏት። የአበባ ዱቄት የሚያርፈው እዚያ ነው። አርፎ ቀጭን ቱቦ ያወጣና ወደታች፣ ፍሬ ወደምትሆነው ክፍል ይወርዳል። የኤርጎት ዘርም በነፋስ መጥቶ እዚያው ላባ ላይ ያርፋል። እንደ አበባ ዱቄቱ ቀጭን ክር ያወጣል። በዚያው መንገድ ይወርዳል። ተክሏም ትቀበለዋለች። ሚዜ መስሎ ገብቶ የሙሽራውን ቦታ የያዘ ሰው ማለት ነው።

ወርዶ ወርዶ ለፍሬዋ ስንቅ የሚመጣበት ቧንቧ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ይህ መቆሙ ነው የሚገርመኝ። ወደ ግንዱ መቀጠል ይችል ይመስላል፤ አይቀጥልም። ዙሪያውን ያሉትን የተክሏን ክፍሎች አይገድልም። ቧንቧው ላይ አፉን ተክሎ ቁጭ ይላል። ተክሏ ፍሬዬን እያበላሁ ነው ብላ ስኳሩን መላክ ትቀጥላለች። የሞተ ተክል ስኳር አይልክም፤ ስለዚህ እንድትሞት አይፈልግም። ሌላው ቅጠል አረንጓዴ ነው፣ ሌላዎቹ ፍሬዎች አብዛኞቹ ደህና ናቸው። ከሩቅ የሚያይ ገበሬ ማሳው አማረ ይላል።

ገበሬያችን ዋግን ያውቃል፤ ቅጠሉ እንደ ዝገት ይቀላል። አረማሞንም ያውቃል፤ ዛላው ጥቁር ዱቄት ሆኖ ይቦንናል። ሁለቱም ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ኤርጎት ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ዛላ ጥቂት አበባ ይይዝና ዝም ይላል።

ዝም የማይልበት አንድ ሳምንት አለ። ከገባ ከሳምንት ገደማ በኋላ ከተያዘችው አበባ ጣፋጭ፣ የሚያጣብቅ ጠብታ ይንጠባጠባል። ማር የመሰለ ነው። በውስጡ እልፍ የፈንገስ ዘር አለ። ዝንቡ ይመጣል፣ ይልሳል፣ እግሩ ላይ ይዞ ወደ ሌላ አበባ ይሄዳል። ዝናብ ሲመታው ይረጫል፣ ዛላ ከዛላ ሲነካካ ይተላለፋል። ሣር በነፋስ የሚረባ ተክል ነው፤ ዝንብ አያስፈልገውም። ፈንገሱ ግን ለራሱ ማር ሠርቶ ዝንብ ቀጠረ።

ከዚያ ጠብታው ይደርቅና በፍሬዋ ቦታ ያ ጥቁር ነገር ማደግ ይጀምራል። መርዙ የሚከማችበት ክፍል ይህ ነው።

ተክሏ መከላከያ አላት ወይ? አላት፣ ግን ጉልበት ሳይሆን ጊዜ ነው። እውነተኛው የአበባ ዱቄት ቀድሞ ከደረሰ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፍሬዋ በሩን ትዘጋለች። ስለዚህ ጉዳዩ እሽቅድምድም ነው። አበባዋ ሳይከፈት እዚያው በራሷ ዱቄት የምትረባ ተክል ታመልጣለች፤ ገብስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። አበባዋን ከፍታ ከጎረቤት ዱቄት የምትጠብቅ ደግሞ ትጠቃለች። የአውሮፓው ራይ እንዲህ ያለ ነው፤ አውሮፓን ለብዙ መቶ ዓመታት እግር ያስቆረጠው እህል እሱ ነበር። ብርድና ዝናብ ሲረዝም አበባው ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ ዱቄቱ ይመክናል፣ ፈንገሱ ይቀድማል። አፈሩ መዳብ ሲያጣም ዱቄቱ ስለሚመክን ውጤቱ ያው ነው።

ከዋና ዋናዎቹ እህሎች ውስጥ አጃ በኤርጎት ከሚጠቁት መጨረሻ ላይ የሚቀመጥ ነው። ስለዚህ የወሎው ጉዳይ ለየት ይላል። በጣም የማይጠረጠረው ተክል ተሸክሞት መጣ።

አሁን አንድ ጥያቄ። መርዙ ለማን ነው?

ብዙ ሰው ፈንገሱ ተክሏን በመርዝ ያሸነፋት ይመስለዋል። እንዲህ የሚያደርጉ ፈንገሶች በእርግጥ አሉ። ከአጃ ሳንወጣ፣ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ቪክቶሪያ ከተባለ አጃ የተዳቀሉ ዝርያዎች በሰፊው ተዘርተው ነበር፤ ዋግ ስለሚቋቋሙ። ከዚያ አንድ ሌላ ፈንገስ ቪክቶሪን የሚባል መርዝ ይዞ መጣ። ይህ መርዝ የሚገድለው የቪክቶሪያ ደም ያለበትን አጃ ብቻ ነበር። ከዋግ የጠበቀው ባሕርይና ለመርዙ ያጋለጠው ባሕርይ ተለያይተው የማይገኙ ሆኑ። በ1946 እና 47 ማሳው ጠፋ። እዚያ መርዙ በቀጥታ ለተክሉ የተላከ ነው።

የኤርጎት መርዝ ግን ተክሏን ምንም አላላትም። የተላከው ለበላተኛው ነው። ጥቁሩ ፍሬ መሬት ወድቆ፣ ቅዝቃዜውን አሳልፎ፣ በሚቀጥለው ወቅት እንደ ትንሽ እንጉዳይ ራስ አውጥቶ ዘሩን ለመበተን መትረፍ አለበት። ከብት ቢግጠው አለቀለት። መርዙ ይጠብቀዋል የሚለው ግምት አሳማኝ ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች እንዲያውም ከብት መርዛማውን ዛላ ስለሚሸሽ ሣሩም በተዘዋዋሪ ይጠቀማል ይላሉ። ለዱር ሣር ይሆን ይሆናል። ለተፈጨና ለተጋገረ እህል ግን አይሠራም፤ ሰው ምሬቱን ሳይቀምስ ነው የሚበላው።

ጊዜው ግጥምጥም ነው። የወሎው ሰው ጣት በሚጠቁርበት በዚያው 1977 አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ ተመራማሪዎች ሌላ እንቆቅልሽ እየፈቱ ነበር። ቶል ፌስክዩ የሚባል ሣር የሚግጡ ከብቶች ኮቴና የጅራት ጫፍ ያጡ ነበር። ሣሩ ላይ ምንም በሽታ አይታይም። በኋላ ሣሩ ውስጥ፣ በሴሎቹ መካከል፣ የኤርጎት ዘመድ የሆነ ፈንገስ ተገኘ። እሱ ደግሞ ጥቁር ፍሬ እንኳ አያወጣም። ከዘር ወደ ዘር ተላልፎ ሣሩ ውስጥ ይኖራል፣ ስኳር ይበላል፣ በኪራይ ፈንታ ሣሩን በመርዝ ከበላተኛ ይጠብቃል። መርዙ ከኤርጎት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የከብቱ ኮቴና የወሎው ሰው ጣት በአንድ መንገድ ነው የሞቱት።

መንገዱ ይህ ነው። የኤርጎት አልካሎይዶች፣ መርዙ ማለት ናቸው፣ አሠራራቸው ሰውነታችን ራሱ ከሚያመርታቸው መልእክተኞች ጋር ይመሳሰላል፤ ከኖርአድሬናሊን፣ ከሴሮቶኒን፣ ከዶፓሚን። ቁልፉ የራሱ ይመስል በሩ ይከፈትለታል። የደም ሥር ‹ጠበብ በል› የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል፣ ይጠባል። ሰውየው በማግሥቱም ያንኑ እንጀራ ይበላል፤ እንደገና ይጠባል። ከልብ የራቀው ጣት ደም ሲያጣ ይደርቃል። ሐኪሞቹ ትርታ ያጡት ለዚህ ነው።

ይኸው ጠባይ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሕይወት ያድናል። ከወለደች በኋላ ደም አልቆም ላላት እናት የሚሰጠው ኤርጎሜትሪን ስሙን ያገኘው ከኤርጎት ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ጥቁር ፍሬ ነጥረው ያወጡት ነው። ማኅፀንን ይጨምቃል፣ የደም ሥርን ያጠባል። ልዩነቱ መጠኑ ነው።

የወሎን ጉዳይ ሳነብ ከቆሙብኝ ነገሮች ዋናው ጣቱ አይደለም። ጡቱ ነው። የሚያጠቡ እናቶች ወተታቸው ነጠፈ። ሕፃናቱ በመርዙ ሳይሆን በረሃብ ሞቱ። ይህም በመድኃኒት የታወቀ ነው። ብሮሞክሪፕቲን የሚባለው፣ ወተት ለማድረቅ ያገለግል የነበረው መድኃኒት፣ ከኤርጎት አልካሎይድ የተሠራ ነው። ዶፓሚን መስሎ ገብቶ ወተት እንዲመረት የሚያዘውን ሆርሞን ያቆመዋል። ያንን እናቲቱ በእንጀራ በላችው። ተራበ ብላ ልጇን ጡት ላይ ብታደርገው የለም። እሷ ራሷ ምናልባት ከምግብ ማነስ ነው ብላ ይሆናል፤ ዓመቱ ያንን ለማመን የሚመች ዓመት ነበር።

አንዳንዴ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲወራ ለምን አልለቀሙትም የሚል ይመጣል። እስቲ እንልቀመው። እናቴ ገብስ ስታበጥር አይቻለሁ። ሰፌዱን ታንቀረቅባለች፣ ቀላሉ ወደ ጫፍ ይመጣል፣ ታራግፈዋለች። ከዚያ ጠጠሩንና እንክርዳዱን በጣት ትለቅማለች። ዓይኗ ትክክለኛ ሚዛን ነው። ነገር ግን ኤርጎት መጠኑ የያዘውን ፍሬ ይከተላል። ትልቅ ፍሬ ካለው ሣር ትልቅ፣ ከትንሹ ትንሽ ይሆናል። የስናሩን ያህል ከሆነ ወንፊቱ አይለየውም። ሲወቃ ደግሞ ይሰባበራል። የአይጥ ኩስ ከሚመስለው ነገር ውስጥ የትኛው የአይጥ፣ የትኛው ኤርጎት እንደሆነ ለመለየት ሰብሮ ማየት ነው። የኤርጎት ውጭው ጥቁር፣ ውስጡ ነጣ ያለ ግራጫ ነው። አረማሞ ቢሆን ሲጫኑት ጥቁር ዱቄት ይሆናል።

ጨው የበዛበት ውሃም ይሠራል። በሊትር 200 ግራም ያህል ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ ደህናው እህል ይሰምጣል፣ ኤርጎቱ ይንሳፈፋል። ሕንድ ውስጥ ባጅራ ለሚባለው እህል ይህን ተጠቅመዋል። እዚያ በ1975 እ.ኤ.አ. ሌላ የኤርጎት ዝርያ ሰው አሳምሞ ነበር፤ ያኛው ማስመለስና መፍዘዝ እንጂ ጋንግሪን አላመጣም። ወሎ ላይ ግን ልብ በሉ። ገለባው ያልለቀቀ ቀላል ስናርም አብሮ ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈውን ስትጥል ግማሽ ቀለብህን ልትጥል ነው። ጨውና ንጹሕ ውሃውም በዚያ ዓመት ከየት ይመጣል? መልቀም የጥጋብ ዘመን ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ክረምቱን ለማለፍ ቁና የሚቆጥር ቤት ስናሩን አውጥቶ አይደፋም።

መጋገርም ሙሉ መፍትሔ አይደለም። ሙቀት አልካሎይዱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ዛሬ የአውሮፓ ኅብረት ለስንዴና ለገብስ የሚፈቅደው በኪሎ 0.2 ግራም ኤርጎት ብቻ ነው። እዚያ ጥቁሩን በካሜራ እያየ በአየር እፍ ብሎ የሚያስወጣ ማሽን አለ።

የበሽታውን ዑደት ማሳው ላይ መስበር ይቻላል። ጥቁሩ ፍሬ አፈር ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ እምብዛም አይቆይም። አምስት ሴንቲሜትር ያህል ከተቀበረ ራስ ማውጣት ያቅተዋል። ስለዚህ አፈር ገልብጦ የሚያርስ ሰው ይገላገለዋል። የእኛ ማረሻ ግን አፈር ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። ሰብል ማፈራረቅም ይረዳል፤ ኤርጎት የሣር ወገን በሽታ ስለሆነ ባቄላና አተር አይነካም። ድንበር ላይ ያለውን ሣር ሳያብብ ማጨድም እንዲሁ፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ማር የሚንጠባጠበው ከዚያ ነው።

ነገሩ በወሎ አላለቀም። በ2001 እ.ኤ.አ. አርሲ ውስጥ 18 ሰዎች በዚያው ዓይነት ጋንግሪን ታመሙ፤ ሦስቱ ሞቱ። ከቤታቸው የተወሰደው እህል ላቦራቶሪ ገባና ኤርጎት ተገኘበት። ስናር ላይ አልተላከከም። የተመረመረው ገብስ ነበር፤ ያ አበባውን ሳይከፍት የሚረባው፣ ብዙውን ጊዜ የሚያመልጠው ገብስ።